የባትሪ መርጫው መጥቷል፤ ልኩስ?

ነሐሴ አጋማሽ ላይ በስንዴ ማሳ ዳር የሚያልፍ ሰው ለዓመታት የለመደው ድምፅ አለ። በጀርባ የታዘለው የእጅ መርጫ ክንዱ ወደ ላይና ወደ ታች ባለ ቁጥር ‹ቂጭ፣ ቂጭ› ይላል። አርሶ አደሩ በአንድ እጁ የመርጫውን ክንድ እያነሳ እየጣለ፣ በሌላው እጁ ዘንጉን ይዞ፣ ከ20 ኪሎ ግራም የማያንስ ሸክም ተሸክሞ በጭቃ ውስጥ ይራመዳል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን በየማሳው ሌላ ድምፅ መሰማት ጀምሯል፤ እንደ ንብ ዝግ ብሎ የሚያጉረመርም የትንሽ ሞተር ድምፅ። በባትሪ የሚሠራው የጀርባ መርጫ ነው።

ባለፈው የመኸር ወቅት ማብቂያ ላይ ይህ ዘጋቢ በአንድ የገጠር ቀበሌ መጋዘን ውስጥ አራት የባትሪ መርጫዎች ተደርድረው ተመልክቷል። የሁለቱ ባትሪ ቻርጅ አይቀበልም። የሦስተኛው ኖዝል ጠፍቶ የሌላ መርጫ ኖዝል ተገጥሞለታል። አራተኛው ይሠራል፤ ቻርጀሩን የተዋሰ ሰው ግን አልመለሰም። በሪፖርት ላይ አራቱም ‹ለአርሶ አደሩ የተሠራጩ› ተብለው ተቆጥረዋል። ዋግ በዚያ ሳምንት ቢገባ ኖሮ ማሳ ላይ የሚውል አንድም መርጫ አልነበረም።

የመኸር ዝግጅት በተጀመረበት በዚህ ወቅት ብዙ ወረዳዎች፣ ዩኒየኖችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት መርጫ ለመግዛት እየተሰናዱ ነው። ብዙ አርሶ አደሮችም ከኪሳቸው ለመግዛት ዋጋ እየጠየቁ ነው። ስለዚህ መሣሪያው የሚያቃልለው ችግር የትኛው እንደሆነ፣ የማያቃልለው የትኛው እንደሆነ፣ ይዞት የሚመጣው አዲስ ችግርም ምን እንደሆነ ከግዢው በፊት መለየት ያስፈልጋል።

ፍጥነት ለምን አስፈለገ?

የርጭት ሥራ ከሌላው የእርሻ ሥራ የሚለየው ቀጠሮ የማይሰጥ በመሆኑ ነው። በ2002/03 ምርት ዘመን ቢጫ ዋግ በአገሪቱ የስንዴ ማሳዎች ላይ ሲዛመት ‹ኩብሳ› የተባለውን በስፋት ይዘራ የነበረ ዝርያ ክፉኛ ጎዳው። አርሶ አደሩ ቢጫ ዋግን ይቋቋማል ወደተባለው ‹ዲገሉ› ፊቱን አዞረ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ‹ዲገሉ› በግንድ ዋግ ተመታ። ከሁለቱ ወረርሽኞች የተገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ተከላካይ ዝርያ የመጀመሪያው መከላከያ ቢሆንም ብቻውን አያስተማምንም፤ ምልክቱ እንደታየ በቀናት ውስጥ መርጨት የሚያስችል አቅም በየቀበሌው መኖር አለበት። የዋግ ብናኝ በነፋስ የሚጓዝ በመሆኑ የአንዱ ማሳ መዘግየት የጎረቤቱንም ማሳ ያስከፍላል።

በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው መጤ ተምች የበቆሎ አምራቹን፣ ከዚያ በፊት የመጣው የቲማቲም ቅጠል ሰርሳሪ ደግሞ የአትክልት አምራቹን ከመርጫ ጋር አጣብቀውታል። በፎገራ ሜዳ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ፣ በቆጋ መስኖ በበጋ ስንዴ የሚዘራ አርሶ አደር መርጫውን የሚያወርደው ለክረምት ብቻ አይደለም። መርጫ እንደ ማረሻ የዓመት ሙሉ መሣሪያ ሆኗል።

በእጅ መርጫ አንድ ሔክታር መርጨት ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? ኖዝሉ በደቂቃ 1 ሊትር ያወጣል፣ ለሔክታሩም 200 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል እንበል። ርጭቱ ብቻውን 200 ደቂቃ ይፈጃል። ውሃ መቅዳቱ፣ መበጥበጡና እረፍቱ ሲጨመር ቀኑ ያልቃል። ያን ሁሉ ሰዓት ክንድ ሲያነሳና ሲጥል የዋለ ሰው ከሰዓት በኋላ የሚረጨው ጠዋት እንደረጨው አይሆንም። ክንዱ ሲደክም ግፊቱ ይወርዳል፤ ግፊቱ ሲወርድ ጠብታው ይወፍራል፣ መድኃኒቱም ቅጠሉን በእኩል አይሸፍንም። በአንድ ማሳ ውስጥ እዚህ ለምልሞ እዚያ ቢጫ ሆኖ የምናየው ስንዴ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የባትሪ መርጫው ይህን ያስቀራል። በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው 16 ወይም 20 ሊትር የሚይዝ፣ በ12 ቮልት ባትሪ ትንሽ ፓምፕ የሚያንቀሳቅስ ነው። መክፈቻው ሲጫን ይረጫል፤ ሲለቀቅ ፓምፑ ራሱ ይቆማል። ግፊቱ ለረጅም ሰዓት ተመሳሳይ ሆኖ ይቆያል፤ አንድ እጅም ነፃ ይሆናል። ለጎልማሳውም፣ ጉልበቱ ለደከመው አረጋዊም፣ ማሳዋን ራሷ ለምታስተዳድር እማወራም ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

እግርና እጅ ሲለያዩ

ሆኖም ብዙም የማይነገርለት ለውጥ አለ። በእጅ መርጫ የሚረጭ ሰው እግሩና እጁ አብረው ይሠራሉ። ቀስ ሲል ክንዱንም ቀስ ያደርጋል፤ ሲቆም መርጫውም እየደከመ ይሄዳል። የባትሪ መርጫ ግን የሰውየውን እርምጃ አያውቅም። አርሶ አደሩ ረግረግ ቦታ ላይ ቢዘገይም፣ ዝናብ መጣ ብሎ ቢፈጥንም ፓምፑ በደቂቃ የሚያወጣው ያው ነው። ስለዚህ ማሳው ላይ የሚያርፈውን መጠን የሚወስነው ሙሉ በሙሉ እርምጃ ሆኗል ማለት ነው።

ይህን በቁጥር እንየው። አንድ የዋግ መድኃኒት መለያው ላይ ለሔክታር ግማሽ ሊትር፣ ማለትም 500 ሚሊ ሊትር ያዛል እንበል። ለአንድ ጥማድ (ሩብ ሔክታር) 125 ሚሊ ሊትር ይሆናል። አርሶ አደሩ ለጥማዱ 50 ሊትር ውሃ የሚጠቀም ከሆነ በ16 ሊትር መርጫ ከሦስት ጊዜ ጥቂት በለጥ ያለ ሙሌት ነው፤ በአንድ ሙሌት 40 ሚሊ ሊትር መድኃኒት ይገባል። በእጅ መርጫው ይህን ለምዷል፤ ልኩም ትክክል ነበር።

ይኸው አርሶ አደር የባትሪ መርጫ ገዛ። አዲሱ ፓምፕ ከአዲሱ ኖዝል ጋር በደቂቃ 1 ሊትር ተኩል ያወጣል። አካሄዱን አልለወጠም፤ በየሙሌቱ የሚጨምረውንም 40 ሚሊ ሊትር አልለወጠም። አሁን ለጥማዱ 75 ሊትር ይሄዳል፤ የሚያርፈው መድኃኒትም 187 ሚሊ ሊትር ተኩል ይሆናል። ከታዘዘው በግማሽ እጥፍ በለጠ ማለት ነው። በሔክታር ሲሰላ ሩብ ሊትር መድኃኒት ያለ ጥቅም ፈሰሰ። ዋጋውን እያንዳንዱ አርሶ አደር ከገዛበት ደረሰኝ ላይ ማስላት ይችላል።

የተገላቢጦሹም ያጋጥማል። የኖዝሉ መጠን እንደ ድሮው 1 ሊትር ሆኖ ሸክሙ የቀለለው፣ ክንዱም ያረፈው ሰው እርምጃውን በሲሶ ቢያፈጥን፣ ለጥማዱ የሚደርሰው 37 ሊትር ተኩል ያህል ብቻ ነው፤ መድኃኒቱም ወደ 94 ሚሊ ሊትር ይወርዳል። ከታዘዘው በሩብ ያነሰ ነው። ዋጉ ተዳክሞ ያገግማል። ከዚያ ‹መድኃኒቱ አይሠራም›፣ ‹የተጭበረበረ ነው› የሚል ቅሬታ ወደ ወረዳ ይመጣል። የተጭበረበረ ኬሚካል በገበያ የለም ማለት አይደለም፤ ግን ኬሚካሉን ከመወንጀል በፊት ልኩን መፈተሽ ይቀድማል። በተደጋጋሚ ባነሰ መጠን መርጨት ተባዩና በሽታው መድኃኒቱን እንዲለምዱት መንገድ ይከፍታል።

ልኩን ለማወቅ የሚያስፈልገው መሣሪያ ሜትር ወይም ገመድ፣ አራት ችካልና የሊትር ጣሳ ብቻ ነው። 10 ሜትር በ10 ሜትር ቦታ በማሳው ላይ ይለካል። ባትሪው ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ ንጹሕ ውሃ በሊትር እየተለካ መርጫው ውስጥ ይጨመራል። አርሶ አደሩ በተለመደው እርምጃው ያንን ቦታ ይረጫል። ከዚያ የጎደለውን ውሃ እየለኩ መልሶ መሙላት ነው። የጎደለው 2 ሊትር ከሆነ ለሔክታር 200 ሊትር፣ ለጥማድ 50 ሊትር ይጠቀማል ማለት ነው፤ 3 ሊትር ከሆነ 300 እና 75። በመቶ ማባዛት፣ ለአራት ማካፈል ብቻ ነው። ከዚያ የመድኃኒቱን መጠን በመለያው መሠረት ለሙሌቱ ማከፋፈል ይቻላል። ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ሥራ ነው። ኖዝል በተቀየረ ቁጥር፣ መርጫ በተለወጠ ቁጥር፣ የሚረጨው ሰውም ሌላ በሆነ ቁጥር ግን እንደገና መለካት አለበት።

ትንሿ ኖዝል፣ ትልቁ ጉዳት

ከመርጫው ዕቃዎች ሁሉ ርካሿ ኖዝል ናት፤ ሥራውን የምትወስነውም እሷ ናት። ጸረ-አረም ሲረጭ እንደ ማራገቢያ ጠፍጠፍ ብሎ የሚወጣ ርጭት የሚሰጥ ኖዝል ይመረጣል፤ ጠብታው ወፈር ስለሚል በነፋስ ብዙ አይወሰድም። ለተባይና ለበሽታ ግን ክብ ሆኖ ደቃቅ ጠብታ የሚሰጠው ኖዝል ቅጠሉን ከላይም ከታችም ለማዳረስ ይረዳል። ብዙ መርጫዎች ከሳጥናቸው ውስጥ ሁለት ሦስት ዓይነት ኖዝል ይዘው ይመጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን መጀመሪያ የተገጠመው ብቻ እስኪያልቅ ይሠራል፤ ሌሎቹ ከሳጥኑ ጋር ይጣላሉ።

የዚህ ስህተት ዋጋ ጎልቶ የሚታየው በቱፎርዲ ነው። ቱፎርዲ በጤፍና በስንዴ ውስጥ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን አረሞች ይገድላል፤ ጤፉንና ስንዴውን በትክክለኛው የዕድገት ደረጃ ከተረጨ አይጎዳም። ግን ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ፣ ኑግ፣ በርበሬና ቲማቲምም ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ናቸው፤ መድኃኒቱ ከአረም አይለያቸውም። በእጅ መርጫ ግፊቱ ሲወርድ ጠብታው ይወፍር ነበር። የባትሪ መርጫው ደግሞ ከፍተኛ ግፊት ላይ ተደርጎ፣ ደቃቅ ኖዝል ተገጥሞለት፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ከተረጨ ጭጋጉ ድንበር ተሻግሮ የጎረቤትን ባቄላ ያጠወልጋል። የድንበር ጠብ ላለመፍጠር ጸረ-አረም የሚረጭ ሰው የመርጫውን የግፊት መቆጣጠሪያ ዝቅ ማድረግ፣ ዘንጉን ወደ ሰብሉ ማስጠጋት፣ ነፋስ ለስለስ ባለበት ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ መርጨት፣ ጎረቤቱንም አስቀድሞ መንገር ይኖርበታል።

ሁለተኛው አደጋ ታንኩ ውስጥ የሚቀረው ነው። ትናንት ቱፎርዲ የረጨ መርጫ ዛሬ ለቲማቲም ተባይ ቢውል የቀረው ቅሪት ቲማቲሙን ሊያኮማትረው ይችላል። የባትሪ መርጫ ፓምፕ፣ ቱቦና ማጣሪያ ስላለው ቅሪት የሚደበቅበት ቦታ ከእጅ መርጫው አያንስም። አስተማማኙ መፍትሔ ለጸረ-አረም የተለየ መርጫ መያዝ፣ በላዩም በማይለቅ ቀለም ‹ለአረም ብቻ› ብሎ መጻፍ ነው። ያ ካልተቻለ በሳሙና ውሃ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ማጠብ፣ ውሃው በቱቦውና በኖዝሉ በኩል እንዲወጣ ማድረግ ያሻል። እጣቢው ወደ ወንዝ ወይም ወደ ምንጭ መድፋት የለበትም፤ በተረጨው ማሳ ላይ መልሶ መርጨት ይሻላል።

ስለ ውሃም አንድ ነገር ማንሳት ያስፈልጋል። በክረምት ከወንዝ የሚቀዳ ደፍራሳ ውሃ ማጣሪያውንና ኖዝሉን ይደፍናል፤ ግላይፎሴት የመሰለውን ጸረ-አረም ደግሞ ጭቃው ራሱ ይዞ ያዳክመዋል። ውሃው እስኪጠልል ማቆየትና በጨርቅ ማጥለል ይገባል። የተደፈነ ኖዝል በአፍ መንፋት ግን በብዙ ማሳዎች የሚታይ አደገኛ ልማድ ነው። በውሃና በለስላሳ ብሩሽ ይጸዳል፤ በአፍም በሽቦም አይነካም።

ባትሪው የሚሞተው በመጋዘን ነው

መጋዘኑ ውስጥ ወደታዩት ሁለት ባትሪዎች እንመለስ። በዋጋ ዝቅ ያሉት መርጫዎች አብዛኞቹ በውስጣቸው የሊድ-አሲድ ባትሪ አላቸው፤ ከሞተር ብስክሌት ባትሪ ጋር የአንድ ዘር ነው። ይህ ባትሪ ባዶ ሆኖ ሲቀመጥ ይበላሻል። በጥቅምት መጨረሻ ርጭቱ አልቆ፣ ባትሪው እንደተዳከመ መጋዘን ገብቶ እስከ ሐምሌ ከቆየ ቻርጅ አለመቀበሉ የሚያስገርም አይደለም። ከሥራ በኋላ ሙሉ ቻርጅ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ከዚያም በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ደግሞ መሙላት ዕድሜውን ያራዝመዋል። በአንዳንድ መርጫዎች ላይ ያለው ሊቲየም ባትሪ ቀላልና ዕድሜው የረዘመ ቢሆንም ዋጋው ከፍ ይላል፤ ከራሱ ቻርጀር ውጭ በሌላ መሙላትም አይገባም።

ቀጥሎ የኃይል ጉዳይ አለ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው 12 ቮልትና 8 አምፔር-ሰዓት የሆነ ባትሪ ነው። ፓምፑ 2 አምፔር ቢስብ በስሌት 4 ሰዓት ይሠራል፤ በተግባር ከዚያ ያንሳል፣ ባትሪው ሲያረጅ ደግሞ ይበልጥ ያንሳል። ቀደም ሲል ያየነው አንድ ሔክታር 200 ደቂቃ ርጭት ይፈልጋል። ስለዚህ ለዕቅድ የሚበጀው ግምት አንድ ሙሉ ቻርጅ ለአንድ ሔክታር ያህል፣ ከዚያ የዘለለ አይደለም የሚለው ነው። ባትሪው ሊያልቅ ሲል የፓምፑ ድምፅ ይወፍራል፣ ርጭቱም ይደክማል። ያን ጊዜ ‹ጥቂት ነው የቀረኝ› ብሎ መቀጠል የማሳውን ጫፍ ሳይረጩ ከመተው አይሻልም።

እንዲህ ያለውን ባትሪ መሙላት በአንድ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። መብራት ባለበት ቀበሌ ማታ ሰክቶ ማደር ነው። መብራት በሌለበት ወይም በሚቆራረጥበት ሶላር አማራጭ ይሆናል። ባትሪው የሚይዘው ኃይል 100 ዋት-ሰዓት አይሞላም፤ 50 ዋት የሆነ ሶላር ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን አንዱን ባትሪ ሞልቶ ይተርፈዋል። ችግሩ ዋግ የሚመጣው ጥሩ ፀሐይ በሌለበት በነሐሴ መሆኑ ነው። ደመና በበዛበት ሳምንት ሶላር ላይ ብቻ ተማምኖ የርጭት ዘመቻ ማቀድ አያዋጣም። ለእንዲህ ያሉ ቀበሌዎች ሁለተኛ ባትሪ መያዝ፣ ወይም በባትሪም በእጅም የሚሠራውን ዓይነት መርጫ መምረጥ ይሻላል። ባትሪው ቢያልቅ ክንዱን አውጥቶ ሥራውን መጨረስ ይቻላል። ሶላር ሲገጠም መቆጣጠሪያ ሳይኖር በቀጥታ ከባትሪው ጋር ማያያዝ ባትሪውን እንደሚያበላሽ መታወቅ አለበት።

ክንዱ አረፈ፤ ሰውነቱስ?

የባትሪ መርጫው ይዞት የመጣው ትልቁ አደጋ ከጥቅሙ የሚመነጭ ነው። ቀድሞ ድካም ሰውየውን ያስቆመው ነበር። አሁን አንድ ወጣት ባትሪ እየቀያየረ ቀኑን ሙሉ መርጨት ይችላል። በየቀበሌው ደግሞ በጥማድ ሒሳብ እየተከፈላቸው የሌላ ሰው ማሳ የሚረጩ ወጣቶች ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። ከጀርባቸው ሸክሙ አልቀነሰም፤ 16 ሊትር ውሃና መርጫው ተደምሮ ዛሬም ከ20 ኪሎ ግራም ይበልጣል። ከመርዙ ጋር የሚቆዩበት ሰዓት ግን ረዝሟል።

ወደ ሰውነት የሚገባው ኬሚካል በአብዛኛው በቆዳ በኩል ነው። ከሁሉ የከፋው ጊዜ ደግሞ የርጭቱ ሳይሆን ያልተበጠበጠው ኬሚካል ከጠርሙስ የሚቀዳበት ቅጽበት ነው። በባዶ እጅ መቅዳት፣ በእንጨት ፋንታ በክንድ ማማሰል፣ የጠርሙስ ክዳን በጥርስ መክፈት በየቦታው የሚታዩ ናቸው። ጓንት፣ ረጅም እጅጌ ልብስ፣ ቦቲ፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛና መነጽር በሙሉ ካልተገኙ እንኳ ሲበጠብጡ ጓንት፣ ሲረጩ ቦቲና ረጅም ሱሪ ፈጽሞ መቅረት የለባቸውም። ሱሪው ከቦቲው ውጭ ይሁን፤ ወደ ውስጥ ከገባ ኬሚካሉ በቦቲው ውስጥ ይጠራቀማል። የሚረጨው ሰው ነፋሱን ከጀርባው ወይም ከጎኑ አድርጎ፣ ያልተረጨውን እየረገጠ መሄድ አለበት። የሚያንጠባጥብ ታንክ ወይም ጎሚኒው የላላ መክፈቻ ይዞ መርጨት ቀኑን ሙሉ በመርዝ የራሰ ልብስ ለብሶ እንደመዋል ይቆጠራል።

ራስ ምታት፣ ማላብ፣ ምራቅ መብዛት፣ የዓይን ብዥታ፣ ማስመለስና የጡንቻ መንዘር ከርጭት በኋላ ከታዩ ‹ፀሐይ መታኝ› ተብሎ አይታለፍም። ልብሱን አውልቆ ሰውነቱን በሳሙናና በብዙ ውሃ ማጠብ፣ የኬሚካሉን ዕቃ ወይም መለያ ይዞ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። መለያው ካላዘዘ በስተቀር እንዲያስመልስ ማስገደድ አይገባም። ወተት መጠጣት መርዙን ያረክሰዋል የሚለው እምነትም ሰውን አዘናግቶ ሕክምና ያዘገያል እንጂ አያድንም።

ባዶ ጠርሙስና ጀሪካን ደግሞ ሌላው የቤተሰብ አደጋ ነው። ታጥቦ ለዘይት፣ ለውሃ፣ ለጠላ የሚውል የኬሚካል ዕቃ ምንም ያህል ቢታጠብ አይነጻም። ሦስት ጊዜ አለቅልቆ እጣቢውን ወደ መርጫው መጨመር፣ ከዚያ ዕቃውን ዳግም እንዳያገለግል መብሳት፣ ማኅበሩም የሚሰበሰብበት ቦታ ማዘጋጀት አለበት። ንብ አናቢ ባለበት አካባቢ አበባ ላይ ያለ ሰብል ከመርጨት መቆጠብ፣ የግድ ከሆነም ንቦች ወደ ቀፎ ከገቡ በኋላ አመሻሽ ላይ መርጨት፣ አናቢውንም ቀድሞ ማሳወቅ ተገቢ ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም አምራቾችም ከመጨረሻው ርጭት እስከ ለቀማ መቆየት ያለበትን ቀን ከመለያው አይተው መጠበቅ ይኖርባቸዋል፤ ምርቱን የሚበላው ሰው ያንን ቀን አያውቅም።

ከወረዳ የሚጠበቀው

የጸረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ጸረ-ተባይ ወደ ገበያ እንዳይገባ ይከለክላል። ቁጥጥሩ ግን በመጨረሻ የሚፈተነው በገበያ ቀን በተዘረጋ ሸራ ላይ፣ መለያ በሌለው ጠርሙስ ኬሚካል በሚሸጥበት ቦታ ነው። መለያ የሌለው ኬሚካል ልክ የለውም፤ ልክ ለሌለው ኬሚካል ደግሞ የትኛውም ዘመናዊ መርጫ አይረዳውም። ማንበብ ለማይችለው አርሶ አደር መለያው ላይ ያለው የቀለም መስመር ይናገራል፤ ቀይ እጅግ አደገኛ፣ ቢጫ ከፍ ያለ ጥንቃቄ የሚሻ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ደግሞ በቅደም ተከተል አደጋቸው ያነሰ ነው። ይህን ለማስተማር አንድ የቀበሌ ስብሰባ ይበቃል።

መርጫ ለመግዛት የተሰናዳ ወረዳ ወይም ዩኒየን ዋጋ ብቻ አወዳድሮ መፈረም የለበትም። ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው፤ የባትሪው ዓይነት ምንድን ነው? ምትክ ባትሪ፣ ቻርጀር፣ ኖዝል፣ ማጣሪያ፣ ጎሚኒና የፓምፕ መለዋወጫ በወረዳው ከተማ ይገኛል? ዋስትናው ለስንት ጊዜ ነው? በእጅም ይሠራል? ታንኩ ላይ የሊትር መስመር ተጽፎበታል? ለአሥር መርጫ በተያዘ በጀት ስምንት መርጫ ገዝቶ በቀረው መለዋወጫና ጓንት መግዛት ብዙውን ጊዜ የተሻለ ነው። አሥሩ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ አራት ሲወርዱ ስምንቱ ስምንት ሆነው ይቆያሉ።

ሁለተኛው የአያያዝ ጉዳይ ነው። ‹የጋራ› የተባለ መርጫ ባለቤት ስለሌለው ቶሎ ይሞታል። በየቀበሌው ሥልጠና የወሰዱ ጥቂት ወጣቶችን በርጭት ቡድን ማደራጀት፣ መርጫውን በፊርማ ማስረከብ፣ በጥማድ የሚከፈላቸውንም አገልግሎት ከማኅበሩ ጋር መተመን አንድ መንገድ ነው። ለወጣቱ ሥራ ይሆናል፤ አንድ ጥማድ ያለው አርሶ አደርም መርጫ መግዛት ሳያስፈልገው በልክ የተረጨ ማሳ ያገኛል። ይህ የሚሠራው ግን ቡድኑ መከላከያ ልብስ ከተሰጠውና የሚለካ ከሆነ ብቻ ነው። ያለበለዚያ ጉዳቱን ከብዙ ሰው ወደ ጥቂት ወጣቶች ማዛወር ይሆናል።

ሦስተኛው ሪፖርት ነው። ‹ይህን ያህል መርጫ ተሠራጭቷል› የሚለው ቁጥር ለወረዳው ብዙም አይጠቅመውም። የሚጠቅመው ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ባትሪው ሙሉ፣ ኖዝሉ የተሟላ፣ ልኩ የተለካ መርጫ ስንት እንዳለ የሚያሳየው ቁጥር ነው። የግብርና ባለሙያዎች ችግኝ እንደሚቆጥሩ ሁሉ በሰኔ ውስጥ አንድ ቀን መርጫዎችን አስወጥተው፣ ውሃ ሞልተው፣ 10 በ10 ሜትር ላይ ቢፈትኑ የመጋዘኑ እውነት ከወረርሽኙ በፊት ይታወቃል። የሞተው ባትሪም ለመተካት ጊዜ ይኖራል።

ለአርሶ አደሩ ደግሞ የሰኔው ሥራ አጭር ነው። መርጫውን ከጓዳ ማውጣት፣ ባትሪውን መሙላት፣ በንጹሕ ውሃ ማስነሳት፣ የሚያንጠባጥበውን ማሰር፣ የጎደለውን ኖዝል መግዛት፣ አራት ችካል መትከልና መለካት። ያገኘውን ቁጥር በታንኩ ላይ በማይለቅ ቀለም ቢጽፈው ዋግ በመጣበት ጠዋት፣ ጎረቤቱ ሲጣደፍና ዝናቡ ሲያጉረመርም፣ ስንት ሚሊ ሊትር ልጨምር ብሎ አይጠራጠርም።